ኤአር-3ኤ ስፒከር ሲታደስ ምን ይለወጥ? ምን ይቆይ?

አሮጌ የቤት ስፒከር እጁ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው የትኛው ክፍል ወጥቶ በአዲስ ቢተካ ድምፁ እንደሚያምር ነው። እኔ ግን ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት ስፒከሩን የነደፈው ሰው ምን አስቦ እንደነበር መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ሳይረዱ የሚደረግ እድሳት፣ የተገዛው ዕቃ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ስፒከሩን ከባሕርዩ ያወጣዋል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው እኔ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ ሸክላዎቼን የማደምጥበት፣ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ያቀረበው ኤአር-3ኤ ነው።

ኩባንያውን ኤድጋር ቪልቸር ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1954 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ መሠረተው። ከዚያ ቀደም ጥልቅ ቤዝ በቤት ውስጥ ለመስማት ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ያስፈልግ ነበር፤ የዉፈሩ (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ጠርዝ፣ ማለትም ሾጣጣውን ወረቀት ከብረት ፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ቀለበት፣ በራሱ ጠጣር ስለነበር፣ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የታፈነው አየር ተጨማሪ ጫና ሲሆንበት ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት ይሳነዋል። ቪልቸር ነገሩን ገለበጠው። ጠርዙን እጅግ አላልቶ፣ ሾጣጣውን ወረቀት ወደ ቦታው የመመለሱን ሥራ በሣጥኑ ውስጥ ለታሸገው አየር ሰጠው። አየር ሲጨመቅና ሲለቀቅ የሚሰጠው ምላሽ ከጨርቅም ሆነ ከወረቀት ጠርዝ ይልቅ ወጥ ስለሆነ፣ ቤዙ ከመጥለቁም በላይ የድምፁ መዛባት ቀነሰ። በዚሁ መርሕ የተሠራው የኤአር-3ኤ ታላቅ ወንድም ኤአር-3 ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ስብስብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህ ክብር ይገባዋል እላለሁ።

እንግዲህ በዚህ ስፒከር ውስጥ ሣጥኑ፣ አየሩና የዉፈሩ ጠርዝ ተነጣጥለው የሚታዩ ነገሮች አይደሉም። በእድሜ ብዛት በቅድሚያ የሚበላሸውም ይኸው ጠርዝ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የጨርቅ ጠርዝ ካላቸው በቀር ከፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ስለተሠራ እርጥበትና አየር ቀስ በቀስ ይበሉትና በመጨረሻ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ምትኩ ሲገዛ የዲያሜትሩ መጠን መግጠሙ ብቻ በቂ አይደለም፤ ልስላሴውም ከቀድሞው ጋር መቀራረብ አለበት። አንዳንድ ጠጋኞች ዕድሜው ይረዝማል በማለት በጎማ ጠርዝ እንዲተካ ይመክራሉ። ጎማ በርግጥ አይፈረፈርም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ብዙውን ጊዜም ይጠጥራል፤ በመሆኑም ለአየሩ የተተወውን ሥራ መልሶ ለጠርዙ ይሰጠዋል። ስለዚህ በዚህ ሞዴል ላይ ጎማ መግጠምን አልደግፍም።

አሮጌው ስፖንጅና ሙጫው ከሾጣጣው ወረቀትና ከብረት ፍሬሙ ላይ በትዕግሥት ተፍቀው ከጸዱ በኋላ፣ አዲሱ ቀለበት በቅድሚያ ከወረቀቱ ጋር፣ ያ ሲደርቅ ደግሞ ከፍሬሙ ጋር ይጣበቃል። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ነጭ ኮላ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ኮይሉ (ከሾጣጣው ወረቀት ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል) በማግኔቱ ክፍተት መሐል በትክክል እስኪቀመጥ ድረስ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። መሐል መሆኑን ለማረጋገጥ የመካከለኛውን ቆብ ቀዶ በክፍተቱ ውስጥ ወረቀት መሸጎጥ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ እኔ ቆቡን ሳልነካ ኮላው ከመጥናቱ በፊት ከአምፕሊፋየር 30 ኸርዝ የሚሆን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እየለቀቅሁ፣ ኮይሉ ሲታከክ የሚሰማውን ኮሽታ አዳምጣለሁ። ቆቡም አየሩን ከሚያሽጉት ክፍሎች አንዱ ስለሆነ መቀደዱን አልወድም።

ዉፈሩ ወደ ሣጥኑ ሲመለስ በዙሪያው የማይደርቅ ለስላሳ ማሸጊያ ይደረግለታል። ከዚያም ሾጣጣው ወረቀት በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ሲለቀቅ ዝግ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሣጥኑ አየር አያስወጣም ማለት ነው፤ ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ግን የሚያፈስበት ቀዳዳ መፈለግ አለበት። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ፋይበርግላስ በጓንትና በአፍ መሸፈኛ ተጠንቅቆ ይወጣል፤ የአየሩን ባሕርይ የሚለውጠው እርሱ ስለሆነም ሳይጨመርና ሳይቀነስ በልኩ ይመለሳል።

ጀርባው በኮላ የተዘጋ በመሆኑ ድምፁን ለየክፍሉ ወደሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የሚገባው በዉፈሩ ቀዳዳ በኩል ነው። በዚያ ለዉፈሩ 150፣ ለሚድሬንጁ (የመካከለኛው ድምፅ ክፍል) 50፣ ለትዊተሩ (የቀጭኑ ድምፅ ክፍል) 6 ማይክሮፋራድ የሆኑ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች፣ ይገኛሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ልካቸውን ጠብቀዋል ብሎ መገመት ስለማይቻል ይለካሉ፣ ከልካቸው የወጡትም ይለወጣሉ። ለትዊተሩ የፊልም ካፓሲተር መግጠም ተገቢ ነው፤ ለ150ው ግን ዋልታ የሌለው አዲስ ኤሌክትሮላይቲክ በቂ ነው። በስም ብቻ ውድ የሆኑትን መግዛት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጀርባ ባሉት ሁለት የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያዎች ላይ ነው። ውስጣቸው ሲዝግ ግንኙነቱ ይቋረጥና ትዊተሩ ወይም ሚድሬንጁ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱም ተቃጥሏል ብሎ ጤነኛውን ክፍል አውጥቶ ይጥላል። ከዚህ በፊት ትዊተሩ ከክሮስኦቨሩ ተነጥሎ በቴስተር ይለካ። ከሠራ መቆጣጠሪያው ተፈትቶ ሽቦውና ተንሸራታቹ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሲጸዱ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ይመለሳል። ትዊተሩ በርግጥ ከሞተ ግን ከሌላ ኤአር-3ኤ የወጣ እንጂ ዘመናዊ ትዊተር አይተካበት፤ የድምፁ ኃይልና የክሮስኦቨሩ ስሌት አይጣጣሙምና።

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ለማሻሻያ የተረፈ ገንዘብ ካለ፣ ለአምፕሊፋየር ቢውል ይሻላል። የኤአር-3ኤ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም) 4 ኦም ብቻ ስለሆነ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ከዚህም በላይ ከብዙዎቹ የዛሬ ስፒከሮች ይልቅ ለተመሳሳይ ድምፅ ብዙ ዋት ይፈልጋል። ለ8 ኦም ብቻ የተሠራ ደካማ አምፕሊፋየር ሲገጠምለት ይግላል፣ ጮክ ሲደረግም ድምፁን ያዛባል፤ 4 ኦም ያለችግር የሚሸከም፣ ወደ 100 ዋት ገደማ የሚሰጥ አምፕሊፋየር ሲያገኝ ግን የጥንት ሸክላዎቻችን ቤዝ ጊታር እያንዳንዱ ምቱ ተለይቶ ይሰማል።