«ወፍ ነው የማየው» ማለት ያቃተኝ ቀን

ይህን የምጽፈው ከሁለት ዓመት በፊት የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መናፈሻ ገብቶ ወፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ እኔ ያየሁትን ጣጣ እንዳያይ።

አጀማመሬ ቀላል ነበር። ሐኪም በእግርሽ ሂጂ አለኝ፣ ቤቴ አጠገብ ደግሞ መናፈሻ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ሣሩ ላይ ጋጋኖዎች አረፉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማታ ማታ ጣሪያችን ላይ እየጮኹ ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ። ቆሜ አይቻቸው ግን አላውቅም። አንዱ ከእኔ አምስት እርምጃ ላይ ነበር። ረጅምና ጎባጣ ምንቃሩን እርጥቡ አፈር ውስጥ ይከታል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ትል ይዞ ያወጣል። ጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሏል። ቤት ገብቼ ሳነብ ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር ዓለም ላይ የትም እንደሌለ አወቅኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ጣሪያዬ ላይ የሚያልፈው ወፍ!

ከዚያ ባይኖኩላር፣ የሩቅ ማያ መነጽር ማለት ነው፣ ገዛሁ። 8 በ42 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ነው፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 10 ወይም 12 ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል፣ የምታዩት ቦታም ይጠባል። ወፏን እስክታገኟት በርራ ትሄዳለች። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ እንዳይነሳ አስቀድማችሁ አጣሩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ የወይራ ዛፍ ላይ ጎጆ አገኘሁ። የቡና ሲኒ ታክላለች። ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ በሸረሪት ድር ታስራለች። ባለቤቶቹ ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ጀርባቸው የሸክላ ቀለም ያለው ወፎች ናቸው። የወንዱ ጭራ ከራሱ ሰውነት ይረዝማል። ሲታቀፍ ጭራው ከጎጆዋ ወጥቶ እንደ ሪባን ቁልቁል ይንጠለጠላል። ወንዱም ሴቷም ተራ እየገቡ ነው የሚታቀፉት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሌላ ምንም ሳላይ እነሱን ብቻ አየሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከኋላዬ መጣ።

«እህት፣ ምን እያየሽ ነው?»

መልሱ ሁለት ቃል ነው፤ «ወፍ ነው።» እኔ ግን አፈርኩ። እኛ አገር ወፍ ይጠበቃል እንጂ አይታይም። ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከማሽላው ላይ ያባርረዋል። ልጆች ያሏት፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት ቆማ ወፍ ታያለች ብሎ ማን ያምናል ብዬ አሰብኩ።

«ምንም፣ ዝም ብዬ ነው» አልኩት።

«ዝም ተብሎ በዚህ ይታያል?»

«ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

ይቺ ናት ያበላሸችኝ። ከወይራው ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የመንግሥት ሕንፃ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መነጽሬን ወደዚያ ሕንፃ አቅጣጫ ደግኜ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

ወደ ጥበቃ ቤት ወሰደኝ። አለቃው መጣ። እዚያ ስደርስ እውነቱን ተናገርኩ። «ቅድም ሰው እየጠበቅኩ ነው አላልሽም?» አለኝ። ምን ልበል? መታወቂያዬን አዩ፣ ስልኬን አዩ፣ ስሜን መዝገብ ላይ ጻፉ። ባይኖኩላሩ ክልክል መሆኑ የት እንደተጻፈ ጠየቅኩ። አልመለሰልኝም። መሳቢያ ከፍቶ ወረወረው፤ አስቀመጠው አልልም፣ ድምፁን ሰምቻለሁ። «ደብዳቤ አምጪና ውሰጂ» አለኝ። ከማን የሚጻፍ ደብዳቤ? «ከሚመለከተው አካል።»

የሚመለከተውን አካል ፍለጋ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቢሮ እኛን አይመለከትም አለ። ሁለተኛው ጋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓት ተመለስኩ፣ አሁንም ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ሄድኩ፣ መስክ ወጥተዋል። ሦስተኛው ጋ አንድ ወጣት በትሕትና ተቀበለኝና «ድርጅትሽ ማን ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። ለግለሰብ ደብዳቤ አንጽፍም አለ። ለወፍ ብዬ ከዓመት ፈቃዴ ላይ ሦስት ቀን አቃጠልኩ። በመጨረሻ የራሴ መሥሪያ ቤት «ሠራተኛችን ናት» የሚል ደብዳቤ ማህተም አድርጎ ሰጠኝ። ስለ ወፍ አንድ ቃል የለበትም።

አለቃው ደብዳቤውን ገለጥ አድርጎ አላነበበውም። ማህተሙን አየና መሳቢያውን ከፈተ። ባይኖኩላሬ ከቁልፎችና ከአሮጌ የደረሰኝ ጥራዞች ጋር ተደባልቆ ወጣ። የፊት ክዳኑ የለም። የቀኙ መስታወት ላይ የጥፍር ርዝመት ያለው ጭረት አለ። ዛሬም በእሱ ነው የማየው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ጭረቱ ያበራል።

እየሮጥኩ ወደ ወይራው ሄድኩ። ጎጆዋ ባዶ ናት።

እነዚህ ጫጩቶች ከተፈለፈሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ሊበሩ ይችላሉ። ምናልባት በርረዋል። ምናልባት ቁራ በልቷቸዋል፣ እዚያው አጥር ላይ አንድ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ነበር። በአለቃው ተናድጃለሁ፣ አሁንም እናደዳለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን «ወፍ ነው» ለማለት ማፈሬ ነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። ስትገቡ ቀጥታ ወደ ጥበቃዎቹ ሂዱና «ወፍ ለማየት ነው የመጣሁት» በሏቸው። ባይኖኩላሩን ስጧቸውና መጀመሪያ እነሱ ይዩበት። ሰዎች ደብዳቤ ያዙ ይሏችኋል። እኔ አልልም። የአንዱን ቢሮ ደብዳቤ ሌላው አያውቀውም፣ ጥበቃውም ይቀያየራል። በዓይኑ ያየ ሰው ግን ያስታውሳችኋል። ለአጥርና ለሕንፃ ጀርባችሁን ስጡ። ዕቃችሁን የሚይዝባችሁ ካለ ያለ ፊርማ አትልቀቁ፣ ትልቅ ፀብ ቢሆንም።

ስለ ሰዓትም ልናገር። መጻሕፍቱ ጎህ ሳይቀድ ውጡ ይላሉ። የእኛ መናፈሻ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ እኔም አልቆጭም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ንጋቱ ይበርዳል። ፀሐይ አበባው ላይ ስታርፍ ነው የአበባ ማር ጠጪዎቹ ትንንሽ ወፎች የሚወጡት። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ጥሩ ነው። ጥድ ዛፍ ውስጥ መሆን የሚወድ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። ሰፈራችሁ ዛፍ ካለ ግን ከዚያው ጀምሩ። አረንጓዴ ሆነው ግንባራቸው ቀይ የሆነ ትንንሽ በቀቀኖች እየጮኹ ሲያልፉ ታያላችሁ፣ ቀዩ የወንዱ ነው።

ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሂዱ። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ማለት አይሆንም። እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንለው ጥቁርና ቢጫው እኮ የትም አይሄድም። ለመራቢያ የለበሰውን ላባ አውልቆ ቡናማ ይሆንና ከድንቢጦቹ ጋር ይቀላቀላል። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነው። ቁጥቋጦውን መንጥረው ሣር የሚያነጥፉ የመናፈሻ ኃላፊዎች ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ወይራውን ሄጄ አየሁት። ያ ቅርንጫፍ ተከርክሟል። ዙሪያውን ስፈልግ ያን ቀን የያዘኝ ጥበቃ ከሩቅ ጠራኝ። አለቃው ተቀይሯል፣ እሱ ግን እዚያው ነው።

«ያንቺ ወፎች መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ናቸው» አለኝ። «ከትናንት ወዲያ ነው ያየኋቸው። ለማንም አልተናገርኩም።»

አብረን ሄድን። ኮሶው ላይ፣ ከራሴ ብዙም በማይርቅ ቅርንጫፍ። መጀመሪያ እሱ አየ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ሲኒዋ ውስጥ ሦስት አፍ ተከፍቷል።