የበርሚንግሃም መም፦ የ200 ሜትሩ ዙር ሩጫውን እንዴት እንደሚለውጠው

እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም መሃል ከተማ፣ ቦዩ ዳር ያለው ትልቁ አዳራሽ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። መጀመሪያ ናሽናል ኢንዶር አሬና ነበር፤ ቀጥሎ ባርክሌይካርድ አሬና፣ ከዚያ አሬና በርሚንግሃም ተባለ፤ አሁን ዩቲሊታ አሬና ነው። የድሮ ውጤት የምትፈልጉ ሰዎች በአራቱም ስም ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ቤቱ ግን ያው አንዱ ነው። ኮንሰርትም ባድሜንተንም ይስተናገድበታል። ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የአትሌቲክስ ቤት ነው።

ቀነኒሳ በቀለ በየካቲት 2004 የቤት ውስጥ 5000 ሜትርን በ12:49.60 የሮጠው እዚህ ነው። ያ ክብረ ወሰን እስከ 2025 ድረስ ቆይቷል። በ2007 ደግሞ 2000 ሜትሩን በ4:49.99 ጨረሰ፤ 10 ዙር ስለሆነ በአማካይ ለእያንዳንዱ ዙር 29 ሰከንድ ማለት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2003 ሁለት ማይልን በ8:04.69 ሮጠ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቀነኒሳ እዚሁ አዳራሽ 8:04.35 ገባ። የ0.34 ሰከንድ ልዩነት በዚያ ፍጥነት ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ገንዘቤ ዲባባ በ2014 በዚሁ ርቀት 9:00.48 ሮጣለች። በ2019 ሳሙኤል ተፈራ 1500 ሜትርን በ3:31.04 አጠናቆ ከ1997 ጀምሮ የቆየውን የሞሮኮውን የሂሻም ኤል ጉሩዥን 3:31.18 ሰበረ። የዚያን ቀን ክብረ ወሰኑን ይሰብራል ተብሎ የተጠበቀው ዮሚፍ ቀጄልቻ ነበር፤ ሳሙኤል ከኋላው ሲከተል ቆይቶ መጨረሻ ላይ አለፈው።

ይህ መከተል እንዲሁ የሩጫ ስልት ብቻ አይደለም፤ ከመሙ ቅርጽ የሚመጣ ሂሳብ አለው። የቤት ውስጥ መም አንድ ዙሩ 200 ሜትር ነው፣ የውጪው 400። አንድ ሯጭ በሙሉ ዙር ላይ ከውስጠኛው መስመር አንድ ሜትር ወጣ ብሎ ከሮጠ ወደ 6.3 ሜትር ይጨምርበታል። ይህ ቁጥር በትንሹም በትልቁም መም እኩል ነው። ነገር ግን 5000 ሜትር ውጪ 12 ዙር ተኩል ሲሆን አዳራሽ ውስጥ 25 ዙር ነው። ስለዚህ በተፎካካሪው ትከሻ ላይ እየሮጠ የሚጨርስ አትሌት ውጪ ወደ 79 ሜትር፣ እዚህ ወደ 157 ሜትር በከንቱ ይሮጣል። በ3000 ሜትር እንኳ 94 ሜትር ይሆናል፤ ግማሽ ዙር ገደማ ማለት ነው። አሯሯጭ (ፍጥነቱን እየመራ ቆይቶ መሃል ላይ የሚወጣ ሯጭ) ሲኖር ከኋላው በአንድ ረድፍ የሚሰለፉት ለዚህ ነው። ማለፍ የሚፈልግ ሰው ቀጥታው ላይ ማለፍ አለበት፤ ቀጥታው ደግሞ አጭር ስለሆነ ኩርባው ከመድረሱ በፊት መጨረስ ግድ ነው። ያልጨረሰ ኩርባውን ሙሉ በውጪ በኩል ይዞራል፣ ጉልበቱም እዚያ ያልቃል።

ኩርባው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ ደንቡ እስከ 15 ዲግሪ ይፈቅዳል። ራዲየሱ 17 ሜትር አካባቢ ስለሆነ (ውጪ 36.5 ነው) በቀነኒሳ የ5000 ሜትር ፍጥነት፣ በዙር 30.8 ሰከንድ ማለት ነው፣ ሰውነት ወደ 14 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። ውጪ 7 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። የመሙ ተዳፋት ይህን ስለሚያግዝ የረጅም ርቀት ሯጭ ብዙ አይቸገርም። የ400 ሜትር ሯጭ ግን በ9 ሜትር በሰከንድ ሲገባ 25 ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል፤ ከተዳፋቱ አቅም በላይ ነው።

በ2018 እዚሁ አዳራሽ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና የታየው ጣጣም ከ400 ሜትሩ መጣ። በአንድ የወንዶች ማጣሪያ ሁሉም ሯጮች ከውድድር ተሰረዙ። በፍጻሜው ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ የገቡት መስመር ረግጠዋል ተብለው ወርቁ ለቼኩ ፓቬል ማስላክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ላላ፦ በኩርባ ላይ የግራውን መስመር አንዴ መንካት አያሰርዝም፣ መድገም ያሰርዛል። እኔ ማሻሻያው ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ አንድ የእግር ጣት የሚያህል ስህተት የአንድን ወጣት ዓመት ማበላሸት የለበትም። በዚያው ሻምፒዮና ገንዘቤ 1500ንም 3000ንም፣ ሳሙኤል የወንዶቹን 1500፣ ዮሚፍ 3000ን አሸንፈው አራት ወርቅ ወደ አገር ቤት ሄዷል፤ ሰለሞን ባረጋም በ3000 ብር አግኝቷል።

ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ወንበር ስትመርጡ መጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ያለውን ብቻ አትፈልጉ። እዚያ 60 ሜትሩ በደንብ ይታያል፤ ረጅም ርቀቱን ለመረዳት ግን የሚሻለው ወደ ኩርባው መግቢያ ያለ፣ ከፍ ያለ ረድፍ ነው፤ ማን ከውስጥ እንደታፈነ፣ ማን በውጪ እየዞረ እንደሆነ ከዚያ ይለያል። ዝቅ ያለው ረድፍ ላይ ከተቀመጣችሁ ያዘነበለው መም የወዲያኛውን ጎን ሊጋርድባችሁ ይችላል። ብዙ ሯጮች ከጨረሱ በኋላ ሲያስሉ ብታዩ አትደንግጡ፤ የአዳራሹ ደረቅ አየር ጉሮሮን ያቃጥላል።

ሰዓት ያዙ። በ3000 ሜትር 30 ሰከንድ በዙር 7:30 ይሰጣል፤ 31 ሰከንድ 7:45 ነው። ከአምስተኛው እስከ አስረኛው ዙር ያለውን በተለይ ተከታተሉ፤ አሯሯጩ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው፣ ፍጥነቱም የሚወርደው እዚያው ነው። ያኔ መሪነቱን የሚረከበው ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ክብረ ወሰን ይሰበር አይሰበር የሚታወቀው የመጨረሻው ዙር ደወል ከመደወሉ በፊት፣ በእነዚያ ሁለት ሦስት ዙሮች ነው።