ለኅዳር ሚካኤል የተሳለች እህታችን፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና እስከ አሥር ኪሎ ሜትር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የጽዋ ማኅበራችን አባል የሆነች እህት ስለቷ ስለደረሰላት፣ በእሷ ፈቃድ እንመሰክራለን። በልጅነቷ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ለሪውማቲክ የልብ ሕመም ዳርጓት፣ የልቧ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት በር) ጠቦ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ምሕላ ተያዘ፣ ጸበል ተጠመቀች፣ የቀዶ ሕክምና ወረፋዋም ደረሰ፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገባላት። ስለቷ ጧፍና ጃንጥላ አልነበረም። «ቅዱስ ሚካኤል ቢያቆመኝ፣ በታላቁ ሩጫ አሥር ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄጄ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ገንዘብ አሰባስባለሁ» ነበር ያለችው። አቆማት፤ ፈጸመችም። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

ከእኛ መካከል የልብ ሕሙማንን የሚከታተሉ ነርሶች አሉ። ተመሳሳይ ስለት ያለበት ሰው ብዙ ነውና፣ ዝግጅቱ እንዴት እንደሚሄድ በዝርዝር እንጻፈው።

በቀዶ ሕክምናው የተከፈተው የደረት አጥንት ለመግጠም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ጀሪካን ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ብርድ ልብስ አጥቦ መጭመቅ የለም። እርምጃ ግን ቶሎ ይጀመራል፦ ሜዳ ላይ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ደቂቃ መጨመር። 30 ደቂቃ ሳያርፉ መሄድ ከተቻለም በኋላ፣ ሐኪሙ ልብን በአልትራሳውንድ አይቶ ሳይፈቅድ ሶምሶማ አይሞከርም። ሲፈቅድ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 3 ደቂቃ እርምጃ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ጤነኛውም ያለከልካል። ፍጥነቱ መብዛቱን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም፦ እየሄዱ አቡነ ዘበሰማያትን ድምፅ አውጥቶ መድገም ነው። በየቃሉ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ በዝቷል፣ ይቀነስ።

ከእግሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ዋርፋሪን ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ ማታ ማታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። መጠኑ የሚስተካከለው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ በግራ በኩል ያለው ማይትራል ቫልቭ ለተቀየረለት አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ዝቅ ካለ ደም ይረጋል፣ ከፍ ካለ ይፈሳል። የእኛን ሰው በተለይ የሚያዛባው ጾም ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል፤ በፍስክ ሳይቀምሱት ከርመው በጾም በየቀኑ ሲበሉት ቁጥሩ ይወርዳል። ጎመን አይበላ አላልንም፤ ዓመቱን ሙሉ መጠኑ ይመጣጠን ነው። ሌላው፣ ሆድ ሲታመም ከፋርማሲ ዝም ብሎ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል ቁጥሩን ያንረዋል። ጉልበት ሲያምም ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አይነኩ፣ ያደማሉ፤ የሚሻለው በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ነው።

ጸበል ቦታ ገብተው መድኃኒቱን የሚያቆሙም አሉ። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም፤ ፈውሱን የሰጠ አምላክ ሐኪሙንም ሰጥቷል። ፈሳሽ የተገደበለት ሰው ደግሞ ጸበሉን በጆግ ሳይሆን በትንሽ ጽዋ ይጠጣ። በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም በልምምዱ ምክንያት አይዘለልም፤ የሌላውን ቫልቭ ከአዲስ ጉዳት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ቫልቩ በጸጥታ ውስጥ «ትክ ትክ» ይላል። ባለቤቱ ድምፁን ይለምደዋል፤ አንድ ቀን ከታፈነ ወይም ከጠፋ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ጋደም ሲሉ መታፈን፣ እግር ማበጥ፣ ጥቁር ሰገራ፣ አፍ መጣመም ወይም መኮላተፍም እንዲሁ ቀጠሮ አይጠብቁም።

በሩጫው ዕለት ከ40 ሺህ ሰው በላይ ስለሚወጣ ከኋላ መነሳት ይሻላል። ግፊያ ላይ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል፤ ባይታይም መመርመር አለበት። የመድኃኒቱ ስምና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ካርድ ኪስ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ከጎን አይለይ። እህታችን ሙሉውን በእርምጃ ነው የጨረሰችው፤ ስለቷ «በእግሬ ሄጄ» እንጂ «ሮጬ» አይልም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቃል የተገባው ከሩጫው በፊት ይሰብሰብ፤ ከዘፈኑና ከጭፈራው በኋላ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በግለሰብ ሒሳብ አይዙር። ለጋሹ ራሱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ላለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ያስገባ፣ ደረሰኙን ብቻ ለማኅበሩ ያሳይ።

ከሩጫው በኋላ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ጎመኑም አብሮ። የሚቀጥለው የአይ ኤን አር ቀጠሮ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ቢያዝ ጥሩ ነው።