ውሃ የሚጠጣው ታንኳ

ዛሬ ጠዋት ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዘጌ። እንግዶቹ ፎቶ እንዲያነሱ ተብሎ የሞተር ጀልባው ከነፍጥነቱ አንድ አዛውንት የሚቀዝፏትን የደንገል ታንኳ ታክኮ አለፈ፤ ማዕበሉ የተጫነውን እንጨት አራሰው። አዛውንቱ ዳር ሲደርሱ ለአስጎብኚው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ሞተሩን ራቅ ብለህ ብታጠፋው እኔው እመጣልህ ነበር።»

ከዚያ እንጨቱን አውርደው ታንኳዋን ዛፍ ላይ አስደግፈው አቆሟት። ከታችኛው ጫፍ ውሃው ይንጠባጠባል፣ አያቆምም። አንዷ እንግዳ መዳፏን ዘርግታ ጠብታውን ተቀበለች፤ ከፎቶው ይልቅ የገረማት ይህ ነው።

መነገር ያለበትም እዚህ ጋ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል፣ ውሃ ዳር ከሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ሆኖ በልጥ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ሸክሙን የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ቆሞ ካልደረቀ ደግሞ ይበሰብሳል፤ ለዚህ ነው ታንኳ ቶሎ ቶሎ አዲስ የሚሠራው።

እንግዳ ለምታመጡ፦ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት ኑ። ካሜራ ሳይወጣ «እንደምን አደሩ አባቴ» ይቅደም። መሳፈር የፈለገ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ይልበስ፣ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ አይነሳ። ሂሳቡንም ለቀዛፊው በእጁ ስጡት።