ዘንድሮ አበባውን ቁረጡት

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ደብረ ብርሃን ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ብርዱም እንደምታውቁት ነው። ሜዳው ግን አደይ በአደይ ሆኗል። የጓሮዬ ዳሊያም ለበዓሉ ደርሶልኛል። ትልቁ የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ያክላል።

እኛ ሰፈር ከግቢው አበባ የሚቆርጥ ሰው ይወቀሳል። «ምነው፣ አያምርም ነበር?» ይሉታል። እኔ ግን ቁረጡ ባይ ነኝ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ውርጩ ደግሞ ጽጌው ያልቅ ብሎ አይጠብቅም። ማታ ደህና የነበረ ዳሊያ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ጆንያ ብታለብሱት ትንሽ ያቆየው ይሆናል እንጂ አያስጥለውም። ደግሞም ዳሊያ በተቆረጠ ቁጥር ያብባል። ታዲያ ለማን ነው የምንሰስተው?

ስትቆርጡ በማለዳ ይሁን። ጽጌረዳ እምቡጡ ሊፈታ ሲል ከተቆረጠ ውኃ ውስጥ ይፈካል። ዳሊያ እንዲህ አይደለም፤ በእምቡጡ ከቆረጣችሁት እንደተዘጋ ይቀራል። ፈክቶ ይቆረጥ። ውኃ የሚነካውን ቅጠል አራግፉ፤ ከበሰበሰ ውኃውን ያገማዋል። ውኃውን ቀን አልፎ ቀን ቀይሩ።

እኔ ዘንድሮ ማስቀመጫ አልገዛሁም። አንገቱ የተሰበረ ጀበና ነበረኝ። ሦስት ዳሊያ ፊት ለፊት፣ አደይ በዙሪያው፣ ከኋላ ረዘም ያለ የገብስ ዛላ አደረግሁበት። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ጢሙ ወደ ጎን ሲዘናፈል ከየትኛውም የሱቅ ቅጠል ይበልጥብኛል። ጀበናውን በመንዝ ጓሳ ገመድ አሰርኩት። (ፕላስቲክ አበባ የምትወዱ አትቀየሙኝ፤ አቧራውን ማን ይጠርገዋል?)

ዳሊያ አገሩ ሜክሲኮ ነው፣ ደጋ ይወዳል። ከአደይ ጋር ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ ኑግም ሱፍም ከዚያው ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ጀበና ውስጥ ቢስማሙ አይገርምም።

ልጃገረዶቹ አደይ ይዘው ሲመጡ ከዳቦውና ከብሩ ጋር ከግቢያችሁ አንዳንድ ዘለላ ስጧቸው። ዳሊያ የሌላችሁ የከተማችን ሰዎች ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ ብቅ በሉ፤ ሥሩን ስከፋፍል ለእናንተም ይተርፋል። ቡናም አለ።

መልካም አዲስ ዓመት!