በሜሪላንድ አጥቢያ ስፈልግ
ከአዲስ አበባ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንደገባሁ ያስቸገረኝ ቤተ ክርስቲያን ማጣት ሳይሆን መምረጥ ነበር። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ብዙ በመሆኑ አጥቢያዎቹም ብዙ ናቸው። ሀገር ቤት አጥቢያችንን የሚወስንልን ሰፈራችን ነው፤ እዚህ ግን ሰው በወዳጅነት፣ በመጣበት አካባቢ፣ አንዳንዴም በቆየ ቅያሜ ምክንያት በቅርቡ ያለውን ደብር አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ከርቀቱ አስቀድሜ ያጠያየቅሁት ደብሩ በማን ሥር እንደሚተዳደር ነበር።

ጥያቄው ለአዲስ መጪ ግራ ሊሆን ይችላል። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆነው ከተሾሙ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስም ከተሰደዱ በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር፣ በውጭ ካሉት አጥቢያዎች ከፊሎቹ ከሀገር ቤቱ፣ ከፊሎቹ ከስደቱ ሲኖዶስ ጋር ሲቆሙ፣ ሌሎቹ ደግሞ «ገለልተኛ» ተብለው በራሳቸው ቦርድ ይመሩ ነበር። በዚያ ዘመን በቅዳሴ ላይ የየትኛው ፓትርያርክ ስም እንደተጠራ ያዳመጠ ሰው የደብሩን አቋም ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ዕርቅ ወርዶ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል፤ ሆኖም ሕንፃው በማን ስም እንደተመዘገበና ገንዘቡን ማን እንደሚያዝ በዕርቅ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለምና፣ ጠይቆ መሄድ ዛሬም የሚጠላ አይመስለኝም።

ከመሄዴ በፊት ስልክ ደወልኩ። ማስታወቂያው «ቅዳሴ 6 ሰዓት» ይል ስለነበር «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ስልኩን ያነሡት እናት «በፈረንጅ ነው ልጄ፤ ከሌሊቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድረስ» አሉኝ። ስለ በዓላትም ጠየቅኋቸው፤ ዓመታዊው ንግሥ በሥራ ቀን ሲውል ሕዝቡ እንዲገኝ ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ እንደሚዛወር ነገሩኝ። ቀን ቆጥሮ ማክሰኞ የሚሄድ ሰው በሩን ተዘግቶ ሊያገኘው እንደሚችል ያወቅሁት ከእርሳቸው ነው።

ሕንፃው ቀድሞ የፕሮቴስታንቶች ነበር። መድረኩ በመጋረጃ ተከልሎ መቅደስ ሆኗል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ከነበሩበት አልተነሡም፤ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ መቆማቸው ግን እንደ ሀገር ቤቱ ነው። ጊዜው ክረምት ስለነበር የጫማ መደርደሪያው በበረዶ ቡትስ ተጨናንቆ አገኘሁት፤ የእኔን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ፤ ለሚመጣ ሰውም ነጠላውንና ፌስታሉን አብሮ እንዲይዝ፣ ካልሲውንም ወፍራም እንዲያደርግ እመክረዋለሁ።

ቅዳሴው ራሱ እንግዳ አልሆነብኝም። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ መለሰ። አዲስ የሆነብኝ በግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ነው፤ ግእዙን፣ አማርኛውን፣ እንግሊዝኛውንና በላቲን ፊደል የተጻፈውን የግእዝ ንባብ ጎን ለጎን ያሳያል። ገጹን በላፕቶፕ የሚገለብጠው ታዳጊ አልፎ አልፎ ከካህኑ ወደኋላ ይቀራል፤ ያን ጊዜ እዚህ የተወለዱት ልጆች ዝም ሲሉ፣ በቃላቸው የሚያውቁት አዛውንቶች ብቻቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንድ ሰዎች ስክሪኑ ጸሎትን ወደ ንባብ ይለውጣል ብለው ይነቅፉታል፤ እኔ ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሕዝቡን ተሰጥዎ ሲመልስ ከሰማሁ ወዲህ ነቀፋው ጎደሎ ሆኖብኛል።

ለመቁረብ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ከካህን ጋር መነጋገር አለበት። ጾሙ ያው 18 ሰዓት ነው፤ የንስሐ አባቱን ሀገር ቤት ትቶ የመጣ ሰው ግን ማን ዘንድ እንደሚናዘዝ በዕለቱ በር ላይ ቆሞ ከመጠየቅ በሳምንቱ ቢደውል ይሻለዋል።

ቅዳሴ ሲያልቅ መሄድ እንደማይገባ የተረዳሁት በምድር ቤቱ አዳራሽ ነው። ከስብከቱ በኋላ ያረፈ ሰው፣ የለቅሶ ቤት አድራሻና የልጆች የአማርኛ ትምህርት ምዝገባ ተነገረ፤ ከዚያ ጸበል ጸዲቅና ሻይ ቀረበ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት አጠገቤ ተቀምጠው «ከማን ጋር መጣህ ልጄ?» አሉኝ፤ «ብቻዬን ነኝ አባባ» ስላቸው መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ኋላ ዞረው አንድ ጎልማሳ ጠሩ። ሰውየው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ስለነበር የት እንደሚቀጥሩ፣ ምን ወረቀት እንደሚጠይቁ ዘርዝሮ ነገረኝ፤ የሚከራይ ቤዝመንት ያላትን ሴትም አስተዋወቀኝ። የጠየቁኝ ጥያቄ ብዙ ነበር፤ ስለ መኖሪያ ወረቀቴ ሁኔታ የተጠየቅሁትን ግን በትሕትና አለፍኩት፤ ማንም አልተቀየመኝም።

የአባልነት ቅጽ የተሰጠኝ በዚያው ቀን ቢሆንም አልፈረምኩም፤ በመጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን ጠይቄ አነበብኩ። ደብሩ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ የተመዘገበ መሆኑን፣ የካህናቱ ደመወዝና የሕንፃው ዕዳ ከአባላት ወርኃዊ መዋጮ እንደሚከፈል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ቦርዱን የሚመርጠውም መዋጮውን ያሟላ አባል ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ነው። ቅጹን የሞላሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ገንዘብ ያዡም የመጀመሪያውን መዋጮ ተቀብሎ፣ ደረሰኙን ለግብር ጊዜ እንዳስቀምጠው ነገረኝ።