ውሃ ተራዬን የመለስኩበት ማክሰኞ

ጎጃም ውስጥ ቆጋ መስኖ ላይ ሽንኩርት የማለማው ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለች አንድ ቃዳ መሬት ነው፤ ሩብ ሄክታር መሆኗ ነው። ውሃ ተራችን በስምንት ቀን ይደርሳል። ደረሰ ከተባለ ለቅሶ እንኳ ቢኖር አካፋ ይዞ መውጣት፣ ቦዩ እስኪዘጋ ድረስ ትልሙን ማጥገብ ነው። የደረሰህን ውሃ መተው እንደ ጥጋብ ይቆጠራል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አጠገብኩት። ሽንኩርቱ አንገቱ አልደርቅ ብሎ ከተነቀለ በኋላ በሰበሰብኝ።

ትነት መለካት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ተክል በቀን የሚጠጣውን ውሃ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ነፋስና የአየሩ ድርቀት ይወስኑታል፤ አራቱንም ደምሮ የሚያሳይህ ደግሞ ክፍት ገንዳ ውስጥ ያለ ውሃ ነው። አውቶማቲክ የአየር ሁኔታ ጣቢያ መግዛት ስለማልችል በርሜል ቆርጬ ደጅ አስቀመጥኩ። ስህተት ነበር። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ገንዳ ወርዱ 120.7፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትንሽ ዕቃ ጎኑ ቶሎ ስለሚግል አብዝቶ ያተናል። ይባስ ብሎ ትነት ብዬ ከመዘገብኩት ውስጥ ጥጃችን የጠጣው ቀላል አልነበረም። በኋላ በልኩ ላሜራ አስበየድኩ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ እንጨት ላይ አስቀመጥኩት፣ ወንፊት ሽቦ አለበስኩት።

የዝናብ መለኪያውንም መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር የተከልኩት። ዛፉ ዝናቡን እየከለለ ከጎረቤት ያነሰ ያሳየኝ ነበር። ከዛፉ ቁመት ቢያንስ እጥፍ መራቅ አለበት። ሬዲዮ የሚነግረን የሚቲዎሮሎጂ የአሥር ቀን ትንበያ ለዘር ጊዜ ይጠቅመኛል፤ የኔ ማሳ ላይ ስንት እንደጣለ ግን የሚነግረኝ ይኸው መለኪያ ብቻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ተክል ከክፍት ገንዳ ያነሰ ስለሚያተን ገንዳው በቀን የጎደለውን በ0.7 አበዛለሁ፤ ሽንኩርቱ ሙሉ ዕድገት ላይ ከሆነ ያገኘሁትን እንደገና በ1.05 አበዛለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር በኔ ቃዳ ላይ 2,500 ሊትር ነው። ዘንቦ ከነበረ ገንዳው ውስጥ የገባውን ዝናብ ሳልረሳ አስቤ ነው የጎደለውን የማወጣው፤ ይህን ሁለት ጊዜ ረስቼ ተሸውጃለሁ።

መጋቢት ላይ በሁለት ሌሊት 31 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ደመናው ስላበረደው ገንዳው በቀን በአማካይ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ጎደለ፤ ሽንኩርቱ በስምንት ቀን የጠጣው 29 ገደማ መሆኑ ነው። ማሳው ውስጥ የቀበርኩት፣ እርጥበት ሲደርስበት ምልክቱ ብቅ የሚለው መሣሪያም 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ወጥቷል፣ 40 ላይ ያለው አልወጣም። ከዚህ በላይ ባጠጣ ዩሪያዬን ከሥሩ በታች ማጠብ ነው።

ማክሰኞ የውሃ ተራ ወደሚያከፋፍሉት ውሃ አባት ሄድኩ።

«አያ፣ የዛሬውን ተራዬን ለታችኞቹ ይስጡልኝ።»

«ልጄ፣ ታመሃል?»

ሰጡልኝ። የቦዩ ጫፍ ላይ ያሉት፣ ውሃ ሁልጊዜ ተንጠባጥቦ የሚደርሳቸው፣ ያን ቀን ጠገቡ። እኔ ግን በአምስተኛው ቀን ፀሐዩ ከርሮ፣ ገንዳው በቀን ሰባት ሲጎድል፣ ቀድሜ ላጠጣ ብዬ ብጠይቅ ተራው የሌላ ሰው ሆነ። የተውኩት ውሃ የትም አልተቀመጠልኝም። ትክክለኛ ቁጥር ይዤ ሽንኩርቴ ሲጠወልግ ቆሜ አየሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ከሒሳቡ በፊት ሰዎቹን ያዝኩ። በአንድ ቦይ የምንጠጣ ሰባት ነን፤ አምስታችን የተተወ ሰዓት እንደ ብድር ተመዝግቦ እንዲመለስ ተስማማን፤ ደብተሩ ውሃ አባቱ ዘንድ ነው። ብዙ ጊዜ ተራ ሙሉ በሙሉ አልተውም፤ ከአራት ሰዓቱ ተራዬ አንዱን ሰዓት ቆርጬ ነው የማስተላልፈው፣ ይህ ማንንም አያስደነግጥም።

የቦዩ ራስ ላይ ያለው ጎረቤቴ ግን እስካሁን አልገባበትም። እየዘነበም ያጠጣል። «ገንዳህ የተሳሳተ ቀን ማን ይከፍለኛል?» ይለኛል። እስካሁን የሰጠሁት መልስ የለም።